5,000 ብሮሸር ላሳትም ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «አፓርታማዎች በበዙበት ሰፈር አነስተኛ ላውንድሪ ልከፍት ነው። ልብሱን ከደንበኛው ቤት ወስደን፣ አጥበንና ተኩሰን እንመልሳለን። ለማስተዋወቂያ በኤ4 ወረቀት ለሦስት የሚታጠፍ ብሮሸር አሠርቻለሁ። የአገልግሎት ዝርዝር፣ ዋጋ፣ የማሽኖቻችን ፎቶ፣ ራእይና ተልእኳችን ሁሉ አለበት። ጥራት እንዲኖረው ብዬ 250 ግራም ግሎሲ ወረቀት መርጫለሁ። ማተሚያ ቤቱ 1,000 ከማሳትም 5,000 ባሳትም የአንዱ ዋጋ በግማሽ እንደሚወርድ ነግሮኛል። ናሙናውን ሳየው ግን ስልኬ ላይ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው ሐምራዊ ሆኗል፣ ፎቶዎቹም ደብዝዘዋል። ቀለም ቆጥበውብኝ ይሆን? ማተሚያ ቤት ልቀይር ወይስ ወረቀቱን ላወፍረው?»

መልስ፦ ማተሚያ ቤቱን አይቀይሩ፤ ወረቀቱንም አያወፍሩ። መለወጥ ያለበት ሊያሳትሙት ያሰቡት ነገር ራሱ ነው። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ሰማያዊውን ላንሳ፤ ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ ሰው አለና።

የስልክዎ ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን አደባልቆ በቀጥታ ወደ ዓይንዎ ይልካል። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም፤ ያረፈበትን ነው የሚመልሰው። ማተሚያው ደግሞ ሥዕሉን የሚያወጣው ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝማ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር የሚባሉ አራት ቀለሞችን በጥቃቅን ነጠብጣብ ወረቀቱ ላይ በማሳረፍ ነው። ስክሪን ከሚያሳያቸው ደማቅ ቀለሞች አንዳንዶቹ ከእነዚህ ከአራቱ ጨርሶ አይገኙም፤ የሚያበራው ሰማያዊ አንዱ ነው። ወደ ሐምራዊ የሚሸሸውም ሳያኑና ማጀንታው ተቀራራቢ በሆነ መጠን ሲገቡበት ነው። ስለዚህ መፍትሔው ያለው ዲዛይነሩ ጋ ነው፦ ፋይሉን ከመጀመሪያው በአርጂቢ (በስክሪኑ ሦስት የብርሃን ቀለሞች) ሳይሆን በሲኤምዋይኬ (በማተሚያው አራት ቀለሞች) ይሥራው፤ በሰማያዊው ውስጥ ያለውን ማጀንታ ከሳያኑ ቢያንስ በ30 ነጥብ ዝቅ ያድርገው። ሳያኑ 100 በመቶ ከሆነ ማጀንታው 70 ሲደርስ ድንበር ላይ ነው፤ እኔ 60 ላይ አቆመዋለሁ። እንዲያም ሆኖ እንደ ስልኩ የሚያበራ ሰማያዊ አይጠብቁ። ተቀምሞ የሚመጣ ፓንቶን ቀለም መኖሩን ይነግሩዎት ይሆናል። እውነት ነው አለ፤ በኦፍሴት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት የሚባል የብረት ሰሌዳ ተሠርቶ በብዛት በሚታተምበት ማሽን፣ ተጨማሪ ፕሌትና ተጨማሪ ወጪ ስለሚጠይቅ ገና ለሚከፈት ላውንድሪ አልመክረውም።

የፎቶዎቹ መደብዘዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ለእጅ ህትመት፣ ማለትም ቀርቦ ለሚነበብ ወረቀት፣ የተለመደው ልክ 300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ነው። ወርዱ 1,080 ፒክስል የሆነ ፎቶ በዚህ ልክ ሲታተም 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ይፈዛል። ፎቶውን ለዲዛይነሩ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ልከውለት ከሆነ ደግሞ መተግበሪያው ራሱ አሳንሶታል። እንደ ፋይል ይላኩት። አንዴ ያነሰ ፎቶ በማጉላት ወይም «ጥራቱን ጨምርልኝ» በማለት አይመለስም። አርማዎም ከስልክ ስክሪን ተቆርጦ የገባ ምስል መሆን የለበትም፤ የቱንም ያህል ቢጎላ የማይፈዝ የቬክተር ፋይል ይጠይቁ፣ ተቀብለውም እርስዎ ጋ ያስቀምጡት። ዲዛይነር ስልኩን የቀየረ ዕለት አርማው አብሮት የጠፋበት ነጋዴ ብዙ ነው።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ሁሉ ጥራት ያለው ይመስላል። ግራም የሚባለው የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር 16 ኤ4 ይወጣል፤ ስለዚህ የእርስዎ ባለ 250 ግራም ብሮሸር አንዱ 15 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ 5,000ው 78 ኪሎ ነው ማለት ነው። 78 ኪሎ ወረቀት የት ይቀመጣል? ፎቅ ለፎቅ ተሸክሞ የሚያድለውስ ማን ነው? ይህን ሳያስቡ ያሳተሙ ሰዎች ጋ ስሄድ ካርቶኑ ብዙ ጊዜ ከበሩ ጀርባ ነው የማገኘው፤ አንዳንዱ ወንበር ሆኖ ያገለግላል።

ክብደቱ ቢቻል እንኳ እጥፋቱ አይቻልም። ከ170 ግራም ከፍ ያለ ወረቀት አስቀድሞ የእጥፋት መሥመር ሳይረገጥለት፣ ማተሚያ ቤቶች ክሪዚንግ የሚሉት ሳይሠራለት፣ በደፈናው ከታጠፈ ላዩ ላይ ያለው ቅብ ይሰነጠቃል። ወረቀት እንደ እንጨት የቃጫ አቅጣጫ አለው፤ ከቃጫው ጋር ሲታጠፍ ይታዘዛል፣ ቃጫውን አቋርጦ ሲታጠፍ ይሰበራል። የእርስዎ ብሮሸር ጀርባው ሙሉ ሰማያዊ ከሆነ ስንጥቁ ነጭ መሥመር ሆኖ ከላይ እስከ ታች ይታያል፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ያረጀ ይመስላል። ለሦስት የሚታጠፍ ነገር በ130 ወይም በ150 ግራም ይበቃዋል። ሌላም አለ። ወደ ውስጥ የሚገባው ገጽ ከሁለቱ በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት፦ 100፣ 100 እና 97። ዲዛይነሩ 297ን ለሦስት እኩል ቆርጦ 99፣ 99፣ 99 አድርጎት ከሆነ የውስጠኛው ገጽ ጫፉ እየተጋጨ ይጎብጣል። ማስመሪያ ይዘው ይለኩት።

ስለሚያብረቀርቀው ፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። አንድ ጊዜ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ካርድ ሠራሁ። በሁለቱም ፊት ግሎሲ ላሚኔሽን (የሚያብረቀርቅ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) ተደርጎበት መስታወት መስሎ ወጣ፤ እኔም ኮራሁበት። በሳምንቱ ስሄድ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ብዕሩን ካርዱ ላይ ትገፋለች፣ ቀለሙ እንደ ውሃ ይንከባለላል፤ የተጻፈውም ገና በሽተኛው በሩን ሳያልፍ በአውራ ጣቱ ይጠፋል። በመጨረሻ ቀጠሮውን ቁራጭ ወረቀት ላይ እየጻፈች በስቴፕለር ካርዱ ላይ ትመታው ጀመር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ካርዱ ምን ሊሠራ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ሥራ መጀመሪያ የምጠይቀው ወረቀቱ በማን እጅ፣ የትና በምን ሰዓት እንደሚያዝ ነው። መጠኑም፣ ውፍረቱም፣ ብዛቱም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህንኑ ጥያቄ ወደ እርስዎ ልመልሰው። አንድ ሰው ከሥራ ሲመለስ በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በሌላው ቁልፍ ይዟል። ወረቀትዎ በበሩ ሥር ገብቶ ወይም እጀታው ላይ ተሰክቶ ያገኘዋል። የሚያየው ምናልባት ለሦስት ሰከንድ ነው። በዚያ ሦስት ሰከንድ ብሮሸር አይከፈትም። ብሮሸር ተቀምጦ ለሚያነብ፣ ለማወዳደር ጊዜ ላለው፣ ብዙ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ለሚያመነታ ሰው የሚሠራ ዕቃ ነው። ለሸሚዝ አጠባ ማንም ተቀምጦ ራእይና ተልእኮ አያነብም። ልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚያሳይ ፎቶም ለማንም አዲስ ነገር አይነግርም። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው የማይታጠፍ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ በሩ ጀርባ ወይም መስታወት ጥግ ሊሰካ የሚችል ኤ6 ካርድ ነው፤ የኤ4 አንድ አራተኛ፣ 105 በ148 ሚሊ ሜትር። ላውንድሪ ዛሬ ላያስፈልገው ይችላል። ሐሙስ ዕለት ቅዳሜ የሚለብሰው ሱፍ ላይ ነጠብጣብ ሲያይ ግን ስልክዎ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ካርዱ ጠንከር ያለ እንዲሆን የምፈልገውም ለዚህ ነው እንጂ ለክብር አይደለም፦ 300 ግራም ይሁን፣ ፊቱ ቅብ የሌለው ይሁን፣ ላሚኔሽን አይደረግበት። ቅብ የሌለው ወረቀት ቀለም ስለሚጠጣ ህትመቱ ቅብ ካለው አርት ፔፐር ትንሽ ጠቆርና ረጋ ብሎ ይወጣል፤ ግን ብዕር ይቀበላል። ልብስ የሚያመላልሰው ልጅ «6 ሸሚዝ፣ ማክሰኞ ማታ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል።

አሁን ብዛቱ። ማተሚያ ቤቱ ስለ ዋጋው አልዋሸዎትም። ኦፍሴት ማሽን ከመነሳቱ በፊት ለአራቱ ቀለሞች አራት ፕሌት ይሠራል፣ ማሽኑ ይስተካከላል፣ ለማስተካከያ ብቻ ብዙ ወረቀት ይጣላል። ይህ ወጪ 100 ቢታተምም 5,000 ቢታተምም ያው ነው፤ ስለዚህ ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ዲጂታል ህትመት ፕሌት የለውም፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ካርድ ዋጋው ተቀራራቢ ነው። ነጋዴ የሚሳሳተው የአንዱን ዋጋ ሲያይ ነው፤ መታየት ያለበት ሰው እጅ የገባው ካርድ ዋጋ ነው። 1,000 ማሳተም አንድ እጅ ገንዘብ ቢፈጅ፣ እርስዎ እንዳሉት የአንዱ ዋጋ በግማሽ ወርዶ 5,000ው ሁለት እጅ ተኩል ይሆናል። ከ5,000ው 2,000 አድለው ስልክ ቁጥርዎ ወይም ዋጋዎ ከተለወጠ፣ 2,000ውን በሁለት ተኩል እጅ ገዙት ማለት ነው። 1,000 1,000 እያደረጉ ሁለት ጊዜ ቢያሳትሙ ሁለት እጅ ይበቃዎት ነበር፤ በመሃልም ስህተት ያርሙ ነበር። አዲስ ሥራ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የማይለወጥበት ነገር የለም።

ዋጋ ካነሳን አይቀር፣ ካርዱ ላይ የዋጋ ዝርዝር አይጻፉ። ዝርዝሩን በተራ 80 ግራም ወረቀት በጥቁር ብቻ አትመው ከተመለሰው ልብስ ጋር ይላኩት፤ ሲለወጥ ያለ ጸጸት ይጥሉታል።

ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ? ከላይ በትልቁ የሚወጣው የድርጅትዎ ስም አይደለም፤ ስሙን ገና ማንም አያውቀውም። የሚወጣው የሚሠሩት ነው። «ምርጥ ጥራት፣ ፈጣን አገልግሎት» የሚለውን ተፎካካሪዎ ሁሉ ጽፎታል፤ ስለዚህ ምንም አይልም። «ሸሚዝዎን ዛሬ ማታ እንወስዳለን፤ ነገ ማታ ተተኩሶ በርዎ ላይ ነው» ካሉ ግን ሰው ይገባዋል። በእርግጥ ማድረስ ከቻሉ ብቻ ይጻፉት፤ የታተመ ቃል ኪዳን ለመካድ አይመችም። ከሥሩ ስልክ ቁጥር በትልቁ፣ የሥራ ሰዓት፣ ስምና አርማ። በቃ። ጀርባው ላይ ለመጻፊያ ባዶ መሥመሮች። ባዶ ቦታ ሲያዩ እጅዎ ሊሞላው ይበላዎታል፤ ይያዙት።

የፊደል ነገር ከዲዛይነሮች ጋር ሁልጊዜ የሚያጣላኝ ነው። የግዕዝ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ አንድን ቃል ማጉላት የሚቻለው በመጠንና በውፍረት ነው። ማጋደሉ አያምርበትም፤ በላዩ ላይ ጥላና ክፈፍ መጨመር ደግሞ ያጠፋዋል። ጨ፣ ሯ፣ ጧ የመሳሰሉት ጥቃቅን ቀዳዳና ቅጥያ ስላላቸው በትንሽ መጠን ሲታተሙ ቀለሙ ይሞላቸዋል፤ ቅብ በሌለው ወረቀት ላይ ደግሞ ይብሳል። ከ9 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) በታች አይውረዱ። በሰማያዊ ጀርባ ላይ ነጭ ጽሑፍ ካለ ከ11 በታች አይሁን፤ ቀጭን ፊደልም አይመረጥ። ሁለት ሦስት ቀለም ተደራርቦ በተሠራ ጀርባ ላይ ማሽኑ በፀጉር ያህል እንኳ ከሳተ ነጩ ፊደል ይዘጋል። በተመሳሳይ ምክንያት ጥቁር ጽሑፍ ከአራቱ ቀለም ሳይሆን ከጥቁሩ ብቻ ይሠራ። በካርዱ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል በሁለት ውፍረት ይበቃል።

ኪውአር ኮድ ከፈለጉ ይግባ፤ ግን ስልክ ቁጥሩን ተክቶ አይደለም። ከ2 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ጥቁር በነጭ ላይ ይሁን። በዙሪያው ከኮዱ ትንንሽ ካሬዎች የአራቱን ያህል ስፋት ያለው ነጭ ቦታ ይተው፤ ለማሳመር ብለው ወደ ጥግ ካስጠጉት ወይም ሰማያዊ ካለበሱት አንዳንድ ስልክ አያነበውም። ትልቁ ጥንቃቄ ሌላ ነው፦ በነጻ የሚሠሩ አንዳንድ ኮዶች በሠሪው ድረ ገጽ በኩል የሚያልፉ ናቸው፤ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋሉ። ካርዱ ሰው ቤት ይቀራል፣ ኮዱ ግን የትም አያደርስም። አድራሻው በቀጥታ የተጻፈበት ኮድ ያሠሩ።

ለማተሚያ ቤቱ የሚላከው ፋይል ፒዲኤፍ ሆኖ ፊደሎቹ ውስጡ የታቀፉ ወይም ወደ ቅርጽ የተቀየሩ መሆን አለባቸው። በተለይ ዲዛይነሩ የሚጠቀመው ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ያልሆነ አሮጌ የግዕዝ ፊደል ከሆነ፣ ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ተቀይሮ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ጀርባ ቀለሙ በአራቱም ጎን ከካርዱ ልክ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይውጣ፤ ይህ ብሊድ ነው፣ ሲቆረጥ ይጣላል። ጽሑፍና አርማ ደግሞ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ። መቁረጫው ብዙ ወረቀት ደርቦ ሲቆርጥ ትንሽ መሳቱ አይቀርም፤ ብሊድ የሌለው ካርድ ያኔ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ያወጣል።

ናሙና ሲሰጥዎት በሚታተምበት በዚያው ወረቀትና በዚያው ማሽን የወጣ መሆኑን ይጠይቁ፤ በአርት ፔፐር የታየ ቀለም ስለሌላ ወረቀት ምንም አይነግርም። ስልኩ ላይ አይመልከቱት። በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ይዩት። ከዚያ ቁጥሩን ከናሙናው ላይ እያነበቡ ይደውሉ። አሃዙን በዓይን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ዓይን የለመደውን ነው የሚያነበው። ዲዛይኑን ከዚህ በፊት ላላየ ሰውም ያሳዩትና «ምን እንድታደርግ ይጠይቅሃል?» ይበሉት። «ቆንጆ ነው» ካለ አልሠራም። «ልብስ የሚወስዱ ሰዎች ናቸው፣ ልደውልላቸው?» ካለ ይፈርሙ። ከፈረሙ በኋላ የሚገኝ ስህተት የእርስዎ ነው።

ስለ ባነር አልጠየቁኝም፤ በአጭሩ፣ ሱቅዎ መንገድ ላይ ከሆነ አንድ በር ላይ የሚሰቀል ምልክት ያስፈልግዎታል። በእሱ ላይ ሦስትና አራት ቃል፣ ስልክ ቁጥር፣ ሌላ ምንም። አስቀድመው ቃሉን በተራ ወረቀት በትክክለኛ መጠኑ አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና መንገዱን ተሻግረው ያንብቡት።

ከሁሉ ይልቅ የምተማመንበት ህትመት ግን ካርዱም ባነሩም አይደለም። የተተኮሰ ሸሚዝ ሲታጠፍ በመሃሉ የሚታሰር የወረቀት ቀበቶ ነው። አራት ጣት ያህል ወርድ፣ አንድ ቀለም፣ ስምና ስልክ ቁጥር፣ «ቀጣዩን መቼ እንውሰድ?» የሚል አንድ ጥያቄ። ደንበኛው ሸሚዙን ለመልበስ የግድ በእጁ ይፈታዋል፤ ያኔ ሥራዎ እፊቱ ነው፣ ሽታውም አተኳኮሱም። በር ሥር ከገባ 5,000 ብሮሸር ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ አንድ ቀለም ስለሆነም ብዙ አያስወጣም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቀበቶው በደንብ ባልደረቀ ህትመት ነጭ ሸሚዝ ላይ እንዳይታሰር። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተው ይሞክሩት፤ ቀለም ከለቀቀ ይመልሱት።

ስለዚህ ነገ ማተሚያ ቤቱ ሲሄዱ የብሮሸሩን ትእዛዝ ይሰርዙና ይህን ይዘዙ፦ ኤ6፣ ሁለት ፊት፣ ቅብ የሌለው 300 ግራም፣ ያለ ላሚኔሽን፣ በዲጂታል፣ 500 ፍሬ፤ አንድ ናሙና አስቀድሞ በዚያው ወረቀት። 250ው ጥግ ላይ «ሀ»፣ 250ው «ለ» የሚል ትንሽ ምልክት ይኑረው። «ሀ»ን በአንድ ሕንፃ በር ለበር፣ «ለ»ን በሌላው ሕንፃ ጥበቃው ጋ ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያውን ልብስ ለሚሰጥ ሁሉ ካርዱን ይዞ እንዲመጣ ትንሽ ቅናሽ ይስጡ። በስድስት ሳምንት የትኛው ምልክት እንደተመለሰ ይቁጠሩ። ሁለቱም ካልተመለሱ ችግሩ ወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ቃል ኪዳኑን ወይም ሰፈሩን ይለውጡ፤ ሌላ 500 አይጨምሩ። አንዱ ከተመለሰ እሱን በኦፍሴት 2,000 ያሳትሙ። ያ ለሦስት የሚታጠፈው ብሮሸር የሚያስፈልግበት ቀን የሚመጣው ከሆቴል ወይም ከእንግዳ ማረፊያ ጋር የወር ውል ለመነጋገር ወንበር ስበው የተቀመጡ ዕለት ነው፤ ለዚያም 50 ፍሬ በዲጂታል ይበቃል፣ በ150 ግራም።